ለስምንት ሰው የአሥር ቀን ጣሊያን፦ ከሀገሬው ጋር ለመብላት የት መሄድ ይሻላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የሚኖሩት ሜሪላንድ ነው። በሜይ 2027 ስምንት ሆነው ለአሥር ቀን ጣሊያን ሊሄዱ አስበዋል፦ እሳቸውና ባለቤታቸው፣ የ71 ዓመት እናታቸው፣ እህታቸውና ሙስሊም የሆነው ባሏ፣ ሁለት የልጅነት ጓደኞች፣ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ። ሃምሳ ሰው በሚጭን አውቶቡስ ታጭቀው ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ መከተል አይፈልጉም። ከሀገሬው ሰው ጋር መብላት፣ አብሮ ማብሰል፣ ኑሮውን ቀረብ ብሎ ማየት ነው ምኞታቸው። የነደፉት መንገድ ሚላን፣ ቬኒስ፣ ፍሎረንስ፣ ሮምና አማልፊ ነው። ምን ልጨምር፣ ምን ልቀንስ ይላሉ።

እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ጣሊያን ውስጥ ለትንንሽ ቡድኖች ጉዞ ማሰናዳት። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልናገር፦ ምኞትዎና መንገድዎ አይተዋወቁም። ከአሥሩ ቀን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ለበረራ ነው፤ የሚቀረው ስምንት ነው። አምስት ከተማ ማለት አራት ጊዜ ሻንጣ መዝጋት ማለት ነው። ጠዋት ክፍል ይለቀቃል፣ ታክሲ ይፈለጋል፣ ባቡር ይጠበቃል፣ አዲሱ ሆቴል ደግሞ ቁልፍ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ምሳው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ የምግብ ፎቶ በር ላይ የለጠፈ ቤት ውስጥ ይበላል። እዚያ የሚያስተናግድዎ ልጅ ነገ እንደማይመጡ ያውቃል፤ የሚያወራዎት ነገርም የለውም። የጣሊያን የቡና ቤት ባለቤት በመጀመሪያው ቀን ይሸጥልዎታል፣ በሁለተኛው ሰላም ይልዎታል፣ በሦስተኛው እናትዎ ምን እንደሚጠጡ ሳይጠይቅ ያቀርባል። እርስዎ የፈለጉት ሦስተኛውን ቀን ነው። እሱ የሚገኘው ደግሞ አንድ ቦታ በመቀመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አካባቢ እንምረጥ፤ የምንመርጠውም ስሙን አይተን ሳይሆን ስምንታችሁም ከአንድ ማዕድ መብላት የምትችሉበት መሆኑን አይተን ነው።

«የምግብ ጉዞ» ሲባል አብዛኛው አዘጋጅ የሚጠቁመው ኤሚሊያ-ሮማኛን ነው፤ ቦሎኛን፣ ሞደናንና ፓርማን። አልፈርድባቸውም። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚሠራበት ቤት ጠዋት ገብቶ ሁለት ሰው በጨርቅ ይዘው አይቡን ከመዳብ ጋን ሲያወጡት ማየት ደስ ይላል፤ ወደ 40 ኪሎ ለምትመዝን አንዲት ክብ ከ500 ሊትር በላይ ወተት ይሄዳል፣ ከዚያ ቢያንስ 12 ወር ትተኛለች። የሞደናው ባህላዊ ባልሳሚኮ ኮምጣጤ ደግሞ ጣሪያ ሥር በእንጨት በርሜሎች ከ12 ዓመት ያላነሰ፣ «ኤክስትራቬኪዮ» የሚባለው ከ25 ዓመት ያላነሰ ይቆያል። ሌላ ቡድን ቢሆን ኖሮ እኔም ወደዚያው እወስድ ነበር። ችግሩ ማዕዱ ላይ ነው። ቶርቴሊኒ የሚባለው የታሸገ ፓስታ ሆዱ አሳማ ነው። የራጉው፣ ማለትም የሥጋ ሶሱ፣ ቅመም የአሳማ ስብ ነው። ሞርታዴላው፣ ፕሮሹቶው፣ ሁሉም እንደዚያው ነው። ዳቦ ልብላ ቢሉ እንኳ ፒያዲናው፣ ክሬሸንቲናውና ኞኮ ፍሪቶው በተለምዶ የሚቦካው በስትሩቶ ነው፤ ስትሩቶ ማለት የቀለጠ የአሳማ ጮማ ነው። እናትዎና የእህትዎ ባል ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰላጣ ሲያላምጡ፣ ሌሎቻችሁ በሀፍረት ስትበሉ ይታየኛል። እንዲህ ያለ ማዕድ አይጥምም።

እኔ የምለው ፑሊያ ነው፤ ቦት ጫማ የምትመስለው የጣሊያን ካርታ ተረከዝ፣ ደቡብ ምሥራቅ ጫፏ። ፑሊያ ለረጅም ዘመን የድሃ ገበሬ አገር ነበረች። ሥጋም እንቁላልም ውድ ነበር፤ የማይታጣው ዱረም ስንዴ፣ የወይራ ዘይት፣ ጥራጥሬና የዱር ቅጠል ነው። ስለዚህ ፓስታዋ የሚቦካው በሴሞሊና፣ ማለትም በዱረም ስንዴ ዱቄት፣ እና በውሃ ብቻ ነው፣ እንቁላል የለውም። ምግቡ የሚቁላላው በቅቤ ሳይሆን በዘይት ነው። ከተላጠ ደረቅ ባቄላ ተፈጭቶ የሚሠራውና በመረር ባለ ቅጠል የሚቀርበው «ፋቬ ኤ ቺኮርዬ» ማንም ሳይጨነቅለት ጾም ነው። ከፊሉ የተጠበሰ ፓስታ በሽምብራ የሚሠራበት የሳሌንቶው (የፑሊያ ደቡብ ጫፍ) «ቺቸሪ ኤ ትሪያ»፣ ውሃ ነክረው ቲማቲምና ዘይት የሚያደርጉበት ደረቅ ዳቦ «ፍሪዜሌ»፣ በቲማቲምና በወይራ ፍሬ የሚጋገረው የዋና ከተማዋ የባሪ ጠፍጣፋ ዳቦ «ፎካቻ»፣ እነዚህ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። በሌላ ወቅት፣ በጾም የምትሄዱ አንባቢዎችም ይህን ዝርዝር ያዙ።

ፑሊያም ቢሆን ዓይን ይፈልጋል። አንደኛ፣ የፈረስ ሥጋ የሚበላበት አገር ነው። ሳሌንቶ ውስጥ «ፔዜቲ ዲ ካቫሎ» የሚባለው ቀይ ወጥ ፈረስ ነው፤ ባሪ አካባቢም በቲማቲም የሚቀቀለው ጥቅል ሥጋ፣ «ብራቾላ»፣ ብዙ ጊዜ ከፈረስ ነው። ሽታው የሚያማልል ቀይ ወጥ ሲመጣ እናትዎ ከመጉረሳቸው በፊት ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ «ቦምቤቴ» ተብሎ በየመንደሩ የሚጠበሰው ትንሽ ጥቅል አሳማ ነው። ሦስተኛ፣ ባሕሩ ዳር «ዓሣ» ሲባል ግማሹ ኦክቶፐስ፣ ሙስልና ሽሪምፕ ነው፤ ባሪ ውስጥ ጥሬውን ይበሉታል። ቅርፊትና ክንፍ ያለው ዓሣ ብቻ ለሚበላ ሰው «ኦራታ» ወይም «ስፒጎላ» ብለው በስም ይዘዙ። አራተኛ፣ ከአበባ ጎመን ዘመድ በሆነው «ቺሜ ዲ ራፓ» የሚሠራው ኦሬኪየቴ የሚባለው ታዋቂ ጆሮ መሳይ ፓስታ ውስጥ አንቾቪ የሚባል ጨው የበላ ትንሽ ዓሣ ይሟሟበታል፤ አይታይም። ሥጋው ሃላል እንዳልሆነ ደግሞ ከአሁኑ ይወቁት፤ የእህትዎ ባል በዓሣ፣ በአትክልትና በጥራጥሬ ነው የሚሰነብተው፣ በፑሊያ ደግሞ ይህ ቅጣት አይደለም።

ወቅቱን በተመለከተ ሜይን መምረጥዎ ትክክል ነው፤ ምናልባት ሳያስቡት ሊሆን ይችላል። በእኛ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. (ሌላው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው) ፋሲካ የሚውለው ሚያዝያ 24 (ሜይ 2) ነው። ከዚያ ወዲያ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ እናትዎ አይቡንም ወተቱንም ያለ ሐሳብ ይቀምሳሉ። ኖቬምበር አዲስ ዘይት የሚጨመቅበት ወር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ቀኑ አጭር ነው፣ ይዘንባል፣ ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ኦገስትን አያስቡት፤ ሙቀቱም፣ ፌራጎስቶ ለሚሉት የኦገስት አጋማሽ በዓል ከሰሜን የሚወርደው ሕዝብም አያስኬድም። አንድ ያልጠቀሱት ነገር ግን አለ፦ አረፋ በ2027 በሜይ 16 አካባቢ ይውላል ተብሎ ይጠበቃል፣ ጨረቃዋ አንድ ቀን ልታዛውረው ትችላለች። የእህትዎን ባል በበዓሉ ቀን አየር ማረፊያ ማዋል ነውር ነው። ስለዚህ ሜይ 18 ማታ ተነሥታችሁ 19 ግቡ፣ 28 ተመለሱ።

ይህ ቀን ሌላም ጥቅም አለው። ባሪ የቅዱስ ኒኮላስ ከተማ ናት፤ መርከበኞች አጽሙን ከሚራ አምጥተው ያሳረፉት በ1087 ነው። ካቶሊኮቹ ይህን በዓል ከሜይ 7 እስከ 9 ያከብሩታል፤ ሐውልቱ በጀልባ ባሕር ላይ ይወጣል፣ ከተማዋ አፍ እስከ ገደፏ ትሞላለች፣ የሆቴል ዋጋም አብሮ ይወጣል። በአሮጌው አቆጣጠር የሚሄዱት ኦርቶዶክሶች ግን የሚያከብሩት ሜይ 22 ነው። ባሲሊካው የካቶሊክ ቢሆንም ታችኛው ክፍል፣ አጽሙ ያለበት፣ ኦርቶዶክሶችም የሚቀድሱበት ነው። እናትዎ ነጠላቸውን ይዘው ይሂዱ። ቋንቋው ባይገባቸውም ሥርዓቱ አይጠፋቸውም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ባሪ ሦስት ሌሊት፣ ገጠር አራት ሌሊት፣ ሮም ሁለት ሌሊት። ሻንጣ የሚዘጋው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ስምንት መሆናችሁ በራሱ ዕድል ነው። ጣሊያን ውስጥ በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው ትልቁ መኪና ከነሹፌሩ ዘጠኝ መቀመጫ ነው፤ ስምንት ሰውና አንድ ሹፌር ልክ ይሞላል። ዘጠነኛ ተጓዥ ቢጨመር የሚያስፈልገው ሚኒባስና ሌላ ዓይነት መንጃ ፈቃድ ነው፤ ወደ አሮጌ ከተሞች ጠጋ ብሎ ማውረድም ጣጣ ይሆናል፣ ዋጋውም በአንድ ሰው ልክ ሳይሆን በእጅጉ ይዘላል። «የአጎቴ ልጅም ልምጣ ይላል» የሚል ስልክ ሲደወል ይህን ያስቡ። በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ፣ አስጎብኚው ሳይጮኽ መስማት፣ የአንዲት ሴት ወጥ ቤት ውስጥ መግባት የሚቻለውም እስከዚህ ቁጥር ነው።

መኪናውን ራሳችን እንንዳ ካላችሁ፣ የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ላይ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ መጨመር ግዴታ ነው። ከዚያም የጣሊያን የመሐል ከተማ ክልከላ፣ ዜድ ቲ ኤል የሚሉት፣ በካሜራ ነው የሚጠበቀው፤ ማንም አያስቆምዎትም፣ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ሜሪላንድ ድረስ ይመጣል። እኔ ለአራቱ የገጠር ቀንና ከባሪ ወደ አልታሙራ ለምትሄዱበት አንድ ቀን ከነሹፌሩ መከራየት ይሻላል እላለሁ። ፈቃድ ያላቸው እነዚህ ሰዎች «ኤን ሲ ሲ» ይባላሉ። ባሪ ውስጥ መኪና አያስፈልግም። የአካባቢው ትንሹ ባቡር ደግሞ ቀርፋፋ ነው፣ እሑድ አይታመንም።

ባሪ አሮጌው ከተማ ውስጥ አርኮ ባሶ የሚባል ጠባብ መንገድ አለ፤ ሴቶቹ ደጃፋቸው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ኦሬኪየቴ ይሠራሉ። ሊጡ ሴሞሊናና ለብ ያለ ውሃ ነው፣ ሌላ የለውም። ጣት በሚያህል ውፍረት ይድቦለቦላል። ከዚያ በደነዘዘ የጠረጴዛ ቢላ ባቄላ የምታህል ትቆረጣለች፣ ቢላው ሳይነሣ እንጨቱ ላይ ወደ ራስ ይሳባል፣ ሊጡ ይጠቀለላል፣ ወዲያው አውራ ጣት ላይ ተገልብጦ ትንሽ ጆሮ ይሆናል። ጀርባው ሸካራ መሆን አለበት፤ ሶሱን የሚይዘው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ዓይን እስኪጨፈን ነው። ልጅቷ ከቴሌፎኗ ቀና የምትልበት ሰዓት ይህ እንደሚሆን እገምታለሁ።

ግን ልብ ይበሉ። ያ መንገድ ዛሬ ገበያ ሆኗል፤ የፋብሪካ ፓስታ እንደ እጅ ሥራ ይሸጣል የሚል ወቀሳም ተነሥቶበታል። በወንፊት ላይ የተሰጣው ብዛት እዚያ ከተቀመጠችው ሴት እጅ ጋር ይመጣጠናል ወይ ብለው ይዩ። ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ሰላም ይበሉ፣ ይግዙ። ዋናውን ትምህርት ግን መንገድ ላይ አይፈልጉት፤ አንዲት ሴት ቤት ይሁን። ቤታቸው ውስጥ የሚያበስሉ ሴቶችን የሚያገናኙ መረቦች አሉ፤ በ2004 ቦሎኛ ውስጥ የተጀመረው ቼዛሪኔ የታወቀው ነው። በየትኛውም በኩል ቢሄዱ ሦስት ነገር አስቀድመው በጽሑፍ ያስገቡ። ጠዋት ይጀመር፣ የሠራችሁት ራሱ ምሳ ይሁን። ቡድኑ የእናንተ ብቻ ይሁን፣ እንግዳ አይደባለቅበት። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ለምታስተምራችሁ ሴትም ሳህን ይቀመጥ፣ የእሷንም ምሳ እናንተ ክፈሉ። ካልተባለች ቆማ ታስተናግዳችኋለች፤ ከተቀመጠች ግን ስለ ልጆቿ፣ ስለ አማቷ፣ ስለ ኪራይ መወደድ ታወራለች። «ከሀገሬው ጋር መብላት» የሚሉት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። እናትዎም እንጀራ እንዴት እንደሚጋገር ይነግሯታል፤ ለአስተርጓሚም ቦታ ያስይዙ።

ከባሪ በአንድ ቀን አልታሙራና ማቴራ ይደረሳል፤ አልታሙራ ወደ 45 ኪሎ ሜትር፣ ማቴራ ከዚያ ወዲያ 20 ያህል ነው። አልታሙራ የሚኬደው ለዳቦው ነው። ሁለቴ የተፈጨ ዱረም ስንዴ፣ እርሾ፣ ጨው፣ ውሃ፤ በቃ። በ2003 «ዲ.ኦ.ፒ.» የሚባለውን የአውሮፓ የስም ጥበቃ ያገኘ የመጀመሪያው ዳቦ ሆነ። ዱሮ እያንዳንዱ ቤት ሊጡን ቤቱ አቡክቶ ወደ መንደሩ ምድጃ ይልክ ነበር፤ እንዳይምታታ የአባወራው ስም መነሻ ፊደል በተቀረጸበት የእንጨት ማኅተም ይመታበታል። ከሁለቱ ዓይነት ቅርጽ ዝቅ ያለውን «የቄስ ባርኔጣ» ይሉታል። አንድ ትልቅ ይግዙ፤ ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ ለገጠሩ ቀናት ይቆይላችኋል።

ማቴራ የፑሊያ ሳትሆን የባዚሊካታ ናት። ሳሲ የሚባሉት ከዐለት የተፈለፈሉ ቤቶች ሰው ከከብቱ ጋር የሚኖርባቸው ነበሩ፤ በ1952 በወጣ ሕግ ነዋሪው እንዲወጣ ተደረገ፣ በ1993 በዩኔስኮ ተመዘገቡ፣ በ2019 ከተማዋ የአውሮፓ የባህል መዲና ሆነች። ከዐለት የተፈለፈሉና በሥዕል ያጌጡ አብያተ ክርስቲያናት ስላሏት ላሊበላን ያየ ሰው ልቡ ይሳባል። ነገር ግን ደረጃው ማለቂያ የለውም፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። ለእናትዎ ከላይ ከአደባባዩ ማየትና አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ መግባት ይበቃል፤ የቀሩት ሲወርዱ እሳቸው ከሹፌሩ ጋር ቡና ይጠጡ።

ለገጠሩ አራት ሌሊት በሞኖፖሊ፣ በፋዛኖና በኦስቱኒ መካከል ማሴሪያ ይያዙ። ማሴሪያ ከባሕር ከሚመጣ ወንበዴ ለመከላከል እንደ ምሽግ የታጠረ የእርሻ ቤት ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ዛሬ እርሻ የሌላቸው ቅንጡ ሆቴሎች ሆነዋል፤ መዋኛቸው ያምራል፣ ወይራው ለጌጥ ነው። የሚፈልጉት «አግሪቱሪዝሞ» ተብሎ የተመዘገበውን ነው። ይህ ስም ዝም ብሎ አይሰጥም፤ በ1985 በወጣውና በ2006 በተተካው ሕግ መሠረት ዋናው ሥራ እርሻ ሆኖ መቀጠል አለበት፣ ምግቡም በአመዛኙ ከራሱና ከአካባቢው ምርት መሆን አለበት። ቦታ ሲጠይቁ ስለ ክፍሉ ሳይሆን ስለ ሥራው ይጠይቁ፦ ስንት ላም አላችሁ? አይቡ ስንት ሰዓት ይጀመራል? በሜይ መጨረሻ እርሻው ላይ ምን አለ? ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው ማን ናት? በሁለት መስመር ቁርጥ ያለ መልስ ከመጣ ጥሩ ምልክት ነው። ከነፎቶው የተዘጋጀ ባለ ብዙ ገጽ «የገበሬ ልምድ» ፋይል ከመጣ ይለፉት።

ላም ያለው ማሴሪያ ካገኙ አንድ ጠዋት እንቅልፍ ይሰዉ። አይብ ሠሪው ገና ጎሕ ሳይቀድ ይጀምራል። የረጋው ወተት ይቆራረጥና ሲደርስ በቀጫጭኑ ተከትፎ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ የሚያቃጥል ውሃ ይፈስበታል፣ በእንጨት ይማሰላል፣ ከዚያ እንደ ክር ይለጠጣል። በጣቱ ቋጠሮ እየሠራ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጥለዋል። ቡራታ ደግሞ፣ አገሯ አንድሪያ የሆነችው፣ ከዚያው ሊጥ የተሠራ ከረጢት ውስጥ የተበጣጠሰ አይብና ክሬም ተሞልቶ የሚታሰር ነው። የሚበላው በዚያው ቀን ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ በፕላስቲክ የሚገዙት ስሙን እንጂ ጣዕሙን አልያዘም።

በዚህ ሜዳ ላይ ግንዳቸው የተጠማዘዘ፣ የብዙ መቶ ዓመት ወይራዎች ታያላችሁ። ወደ ደቡብ ሳሌንቶ ብትወርዱ ደግሞ ደርቀው የቆሙ ታያላችሁ፤ ዚሌላ የተባለው ባክቴሪያ በ2013 ጋሊፖሊ አካባቢ ከተገኘ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ ጨርሷል። ገበሬውን ስለ ዘይት ሲያወሩት ይህን ማወቅዎ ወሬውን ይለውጠዋል።

አንድ ማታ ቺስተርኒኖ ይሂዱ። ልክ እንደ እኛ ሥጋ ቤት፣ ከመደርደሪያው ሥጋ መርጠው ያስመዝናሉ፣ ጓሮ ባለው ምድጃ ይጠበስልዎታል፣ ውጭ ተቀምጠው ይበላሉ። ከላይ የጠቀስኩት ቦምቤቴ ዋናው ነው፤ ለእናትዎ ጠቦት በስም ይዘዙ፣ በተለየ መጥበሻም እንዲሆን ይጠይቁ። የእህትዎ ባል ግን ሥጋውን ስለማይበላ ያን ማታ ለሁለት ተከፈሉ፣ ገሚሱ ሞኖፖሊ ወደብ ሄዶ ዓሣ ይብላ። ሁሌ አብሮ መንቀሳቀስ ግዴታ አይደለም። አልቤሮቤሎ፣ ሾጣጣ ጣሪያ ያላቸው ትሩሊዎች ያሉበት፣ ያምራል፤ ጠዋት ማልደው አንድ ሰዓት ዞር ይበሉበትና አውቶቡሶቹ ሳይደርሱ ይውጡ።

ምግብ ቤት ውስጥ ሦስት ነገር ይወቁ። በፑሊያ «አንቲፓስቶ»፣ ማለትም የመክፈቻ ምግብ፣ ሲሉ አንድ ሳህን አይመጣም፤ ጠረጴዛው በትንንሽ ሳህን ይሞላል፣ ሁሉም ይቋደሳል፣ ለእኛ የሚመች አበላል ነው። በላዩ ፓስታም ዋና ምግብም ካዘዙ ግማሹ ይመለሳል። ሂሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል የነፍስ ወከፍ ጥቂት ዩሮ ያያሉ፤ ማጭበርበር አይደለም፣ የዳቦና የገበታ ነው፣ እንደ አሜሪካ 20 በመቶ ጉርሻም አይጠበቅም። ወጥ ቤቱ ከምሳ በኋላ ተዘግቶ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት እምብዛም አይከፈትም፤ ለእናትዎ ከሰዓት በኋላ የምትቀመስ ነገር ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ሮምን ለመጨረሻው ሁለት ሌሊት ተውኳት፤ ከባሪ በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ያህል ነው። ቅዱስ ጴጥሮስን ስታዩ፣ ከባሲሊካው ኋላ በቫቲካን አጥር ውስጥ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ይወቁ። የግእዙ አዲስ ኪዳን በ1548 እና 49 ሮም ውስጥ የታተመው እዚያ ይኖሩ በነበሩት በአባ ተስፋ ጽዮንና በባልንጀሮቻቸው ድካም ነው። በር ላይ ሄዶ የሚገባበት አይደለም፤ አስቀድሞ በደብዳቤ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ገንዘቡን ሲያሰሉ ሁለት ዓምድ ይሥሩ። መኪናው፣ አስጎብኚውና የወጥ ቤት ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ለቡድኑ በጅምላ የሚከፈሉ ናቸው፤ አንድ ሰው ቢቀር የቀሩት ሰባቱ ድርሻውን ይሸከማሉ። ክፍልና ምግብ በነፍስ ወከፍ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያው እስከ መቼ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ የቀረ ሰው ምን ያጣል የሚለውን ከዘመድም ጋር ቢሆን በጽሑፍ ይስማሙ። አዘጋጅ ከቀጠሩ ደግሞ፣ ማረፊያና መጓጓዣ አቀናጅቶ የሚሸጥ፣ በአውሮፓ ኅብረት አገር የተቋቋመ ድርጅት ሁሉ በኅብረቱ ሕግ መሠረት፣ ቢከስር ገንዘባችሁን የሚመልስ ዋስትና ሊኖረው ግድ ነው። የዋስትናውን ሰጪ ስም ይጠይቁ፤ የሚያድበሰብስ ከሆነ ገንዘብ አይላኩ።

ከሁሉ በፊት ግን ስምንቱን ፓስፖርት ሰብስበው ይዩ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም፤ ኢቲያስ የሚባል የኦንላይን ፈቃድ ግን እየመጣ ስለሆነ ይፋዊውን የአውሮፓ ኅብረት ገጽ ይመልከቱ። ግሪን ካርድ ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ጋር የያዘ ሰው ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ቡድን የሚሰናከለው እዚህ ነው። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ይከፈታል፣ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አይቁረጡ። ማሴሪያውን ግን ከአሁኑ ይያዙ፣ በነጻ የሚሰረዝ ከሆነ።

በመጨረሻ አንዲት ወረቀት በጣሊያንኛ ያዘጋጁ። «ሴንሳ ማያሌ፣ ሴንሳ ስትሩቶ፣ ሴንሳ ካቫሎ» ትበል፤ አሳማ፣ የአሳማ ጮማና ፈረስ የሌለበት ማለት ነው። በሥሩ የሙስሊሙን ነገር ለብቻ ያስፍሩ፦ ሥጋም፣ ወይን የገባበት ምግብም አይበላም። በሌላ ወቅት የምትሄዱ ጾመኞች «እንጾማለን» አትበሉ፤ ለካቶሊኩ ጾም ከሥጋ ብቻ መከልከል ስለሆነ አይብና እንቁላል ይዞላችሁ ይመጣል፤ «ቬጋኖ» በሉት፣ ይገባዋል። ወረቀቷን ለማሴሪያው፣ ለምታስተምራችሁ ሴትና ለሹፌሩ ላኩ። ሹፌሩን አትርሱት፤ መንገድ ላይ ምሳ የት እንደሚቆም የሚወስነው እሱ ነው።